ዓርማው ላይ ምን እንተው?

አዲስ ቡና ላኪ ኩባንያ ተቋቁሞ ዲዛይነር ሲጠራ፣ ስብሰባው ላይ የሚነሳው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ባለአክሲዮን የቡና ፍሬ ይግባ ይላል። ሌላው ጀበና ከሌለበት ኢትዮጵያዊነቱ በምን ይታወቃል ብሎ ይጠይቃል። ወደ ውጭ እንደምንልክ እንዲታይ ሉል ይጨመር፣ ተስፋችንን የምታሳይ ፀሐይ ትውጣበት፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩም አይቅር። ሁሉም ከልባቸው ነው። ገንዘባቸውን አውጥተዋል፣ ስማቸውን አስመዝግበዋል፤ እስካሁን በእጃቸው ያለው ሕልማቸው ስለሆነ፣ ሕልማቸውን በሙሉ አንድ ሥዕል ውስጥ ማየት ይፈልጋሉ።

የአዲስ ድርጅት ዓርማ ሲሠራ ከመሳሉ ይልቅ የሚከብደው ምን እንደሚቀር መወሰኑ ነው። ነባር ድርጅት የሚታወቅበት ሥራ ስላለው ዓርማውን ስናይ ሥራው ትዝ ይለናል። አዲሱ ገና ይህ የለውም፤ ስለዚህ ማንነቱን ዓርማው እንዲያስረዳለት ይፈልጋል። ማስረዳት ግን የዓርማ ሥራ አይደለም። ሥራው መለየት ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998ም ምልክቱ የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሰንደቅ ዓላማን አስመስሎ መውሰድንም ያለፈቃድ አይቀበልም። የቡና ፍሬ ደግሞ የቡና ነጋዴ ሁሉ ነው፤ ጀበናም እንዲሁ። ሁሉም የያዘው ምልክት ማንን ከማን ይለያል?

ሁሉን ዓርማ ውስጥ ለማስገባት መፈለግ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ1976 ሲመሠረት የመጀመሪያውን ዓርማ የሳለው ከሦስቱ መሥራቾች አንዱ የነበረው ሮናልድ ዌይን ነው። አይዛክ ኒውተን ዛፍ ሥር ተቀምጧል፣ ከራሱ በላይ ፖም ተንጠልጥሏል፣ የድርጅቱ ስም ጥብጣብ ላይ ሰፍሯል፣ ዙሪያውን ባለው ክፈፍ ላይ ግጥም ሳይቀር ተጽፎበታል። ለመጽሐፍ ሽፋን ቢሆን ያምር ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ለመለጠፍ ግን አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት ዲዛይነሩ ሮብ ጃኖፍ የተነከሰችውን ፖም ሠራ። ንክሻው የገባው ፖሟ በትንሹ ስትታተም ቼሪ እንዳትመስል ነው። ስለ ኮምፒውተር የሚናገር አንድም ነገር የለባትም፤ ሆኖም ዛሬ አይቷት የማይለያት ማን አለ?

እኛ አገር ዓርማ ጠንከር ያለ ፈተና የሚገጥመው ማህተም ላይ ነው። ክቡ ማህተም ስፋቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ ጠርዙን የድርጅቱ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዞረዋል። መሐል ላይ ለዓርማው የምትተርፈው ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ቀለሙም አንድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከወርቃማ ወደ ቡናማ እየደበዘዘ የሚሄደው መደብ እዚህ ሲደርስ ድፍን ይሆናል። የጀበናዋ እጀታ ይሞላል፣ የሉሉ መስመሮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ፀሐይዋ ትጠፋለች። ከዚያ ደግሞ ጆንያው አለ። ቡናችን በ60 ኪሎ ጆንያ ነው የሚላከው፤ የጆንያው ሽመና ሻካራ ስለሆነ ቀጭን መስመር አይዝም። ገዢው ወደቡ ላይ የሚያየው ግን እሱኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የፊደሉ ነገር ነው። የላቲኑ ስም በጥንቃቄ ይቀረጻል፤ የፊደላቱ ውፍረት ይለካል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይስተካከላል። አማርኛው ሥራው ካለቀ በኋላ ከዊንዶውስ ጋር በመጣው ኒያላ በተባለው የፊደል ዓይነት ተተይቦ ከሥር ይለጠፋል። የግዕዝ ፊደል እኮ የራሱ ጠባይ አለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው፣ የመጀመሪያዋን ፊደል አግንኖ ቃሉን ማሳመር እንደ ላቲኑ በቀላሉ አይሆንም። ድምፁን የምትለየው ምልክት ደግሞ በጣም ትንሽ ናት። የ«ቡ» ቅጥል ከእግሯ መሐል ላይ ናት፣ የ«ቢ» ከታች ጫፉ ላይ። ፊደሉ ወፍሮና አጥሮ ማህተም ላይ ሲወርድ ይህች ልዩነት ትጠፋና «ቡና» የሚለው «ቢና» ተብሎ ይነበባል። የኃምሷ ቀለበትም ወዲያው ትደፈናለች። መፍትሔው ከአማርኛው መጀመር ነው፦ ቅጥሎቹን ረዘም፣ ቀለበቶቹን ሰፋ አድርጎ በእጅ መሳል፣ ከዚያ ላቲኑን ከእሱ ጋር ማስማማት። ሥራው ይበዛል፣ ጊዜም ይፈጃል። ግን የኩባንያው ስም እኮ በመጀመሪያ በአማርኛ ነው የወጣው።

ሌላው ችግር አማራጭ የማብዛት ልማድ ነው። ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ኔክስት የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓርማውን በዲዛይነሩ ፖል ራንድ እጅ በ100 ሺህ ዶላር አሠራ። የተለያዩ አማራጮች ያቀርብለት እንደሆነ ሲጠይቀው ራንድ እንቢ አለ፤ ያቀረበው አንድ ብቻ ነበር፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰም በመጽሐፍ መልክ አዘጋጅቶ አስረዳ። የራንድን ስም የሌለው ዲዛይነር ይህን ያህል መድፈር ይከብደው ይሆናል። ቢሆንም ብዙ ረቂቅ ዘርግቶ ለድምፅ ብልጫ ማቅረብ መጨረሻው የታወቀ ነው፤ የአንደኛው ጀበና ከሦስተኛው ፀሐይ ጋር ይጣመር ይባላል።

ስለዚህ ለመሥራቾች የምለው ይህን ነው። ወሳኙ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሁን። ረቂቁን መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ፣ በማህተሙ ልክ አሳንሳችሁ እዩት፤ ጆንያ ላይም አሳትሙት። ቀለም ከዚያ በኋላ ይመረጣል። ጀበናዋን ማሸጊያው ላይ ማስገባት ይቻላል፤ የገበሬው ታሪክም ብሮሹሩ ላይ ይጻፍ፤ እዚያ በቂ ቦታ አለ።