ፍጥነቱ ለማን ነው?

ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት በሚነገርበት ሁሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ እንሰማለን። አንደኛው በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠን ነው፤ ሌላው ጥያቄ ተልኮ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ትምህርት ቤቶች ያለፉበት ታሪክ ልዩነቱን ያስረዳልናል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር ማለታችን ነው) መንግሥት ወረዳኔትንና ስኩልኔትን ዘረጋ። የመጀመሪያው የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲያገናኝ፣ ሁለተኛው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርትን በፕላዝማ ቴሌቪዥን አሠራጨ። የፕላዝማው ትምህርት የሚመጣው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ሞገዱ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚሁ መንገድ ጥያቄ ልኮ መልስ ለመቀበል ግማሽ ሴኮንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን የትኛውም በጀት አያሳጥረውም፤ ወሳኙ የብርሃን ፍጥነት ነውና። 700 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የፋይበር መስመር ውስጥ ግን ብርሃን በ3.5 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል።

ይሁንና የፕላዝማው ችግር ግማሹ ሴኮንድ አልነበረም። ሥርጭቱ የአንድ አቅጣጫ ነበር። የወገዳ ተማሪ «አልገባኝም» ቢል በመስኮቱ የሚታዩት መምህር አይሰሙትም፤ በክፍሉ ያሉት መምህርም ሥርጭቱን ማስቆም አይችሉም። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱ አለፈ። ለዚያ ተማሪ የመልሱ መዘግየት ስንት ነበር ብንባል፣ «ወሰን የለሽ» ከማለት ሌላ መልስ የለንም።

ወረዳኔት በአንጻሩ የቪዲዮ ስብሰባ አስችሏል። ለአንድ ቀን ስብሰባ ከስማዳ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ መመላለስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቀውም፤ እኛም አንንቀውም። ነገር ግን ጥቅሙ በቅድሚያ የደረሰው ለቢሮው እንጂ ለባለ ጉዳዩ አልነበረም።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እያንዳንዱ ገጽ 1,500 ፊደላት ያሉት ባለ 300 ገጽ የአማርኛ መጽሐፍ እንግዲህ 1.35 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። በሴኮንድ 64,000 ቢት ብቻ በሚያሳልፍ መስመር፣ ዛሬ በሚያስቅ ፍጥነት ማለት ነው፣ ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወርዳል። እንግዲያው ተማሪያችንን ያስቸገረው የመስመሩ ቀርፋፋነት ብቻ አይደለም፤ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ፣ የሚወርድ የፊዚክስ መጽሐፍ እንደ ልብ አለመገኘቱም ጭምር ነው። በዚህ ረገድ ወቀሳው ከመንግሥት ይልቅ እኛን መምህራንን ይመለከታል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የፍጥነት ነገር ጨርሶ ትርጉም አጥቶ ነበር። አስቀድሞ መጽሐፍ በስልኩ ያወረደ ተማሪ ግን ባትሪው እስካለ ድረስ ማንበብ ይችል ነበር።

ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት ሲመረቅ ስለ ጊጋቢቱ ብዛት ሲነገረን እናዳምጣለን። ከዚያም ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ስንት የተማሪ ጥያቄ እንደተላከና ስንቱ በስንት ቀን እንደተመለሰ እንጠይቃለን።