ባዶ የቀረው የመህር መስመር



ባለፈው ሸዋል የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ኒካህ ሲታሰር ከምስክሮቹ አንዱ እኛ ነበርን። ሙሽራው የሚኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ በምትባለው ግዛት ነው፤ ቃሉን የሰጠውም በወኪሉ በአጎቱ በኩል ነው። ወረቀቱ ለፊርማ ወደ እኛ ሲደርስ «መህር» ከሚለው ቃል ፊት ያለው መስመር ባዶ መሆኑን አየን። ብንጠይቅ የልጅቷ አባት ሳቅ አሉና፣ «ኡስታዝ፣ እንደ ሸሪዓው ይሁን ብለናል። ዶላር አገር ያለን ልጅ ቁጥር ጻፍ ብለን ምን እናሳፍረዋለን?» አሉን። ለዱዓ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ነበርና እኛም ፈረምን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያ ባዶ መስመር ከሐሳባችን አልወጣም።

መህሩ ሳይጠቀስ የታሰረ ኒካህ እንደማይፈርስ፣ ሴቲቱም የእኩዮቿን ያህል፣ መህሩል ሚስል የሚባለውን እንደምታገኝ በመድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። በአገራችን ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ከቀረቡ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤ ቃዲው መህሩል ሚስል ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ የመንግሥት ፍርድ ቤት የለም። ጋብቻንና ፍቺን የሚዳኙት የየግዛቱ ፍርድ ቤቶች ሲሆኑ፣ ሕገ መንግሥታቸውም ዳኛው በሃይማኖት ክርክር ገብቶ ይህ ልክ ነው ያ ስሕተት ነው እንዲል አይፈቅድለትም። ስለዚህ የኒካሁን ወረቀት እንደ ማንኛውም ውል ያነበዋል። ምን ተጻፈ? የፈረሙትስ የሚፈርሙበት ነገር ገብቷቸዋል?

ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የየግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች በዚህ ዙሪያ የሰጧቸው ውሳኔዎች ለእኛ ወላጆችና ሽማግሌዎች ብዙ የሚያሳዩን ነገር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፍሎሪዳ ውስጥ የታየውን እንውሰድ። በኒካሁ ውል ላይ ወዲያው የሚከፈል 1 ዶላር፣ ዘግይቶ የሚከፈል ደግሞ 50,000 ዶላር ተጽፎ ነበር። ፍቺ የጠየቀችው ሚስት ስለነበረች ባልየው «እሷ ከጠየቀች መህሩ ይቀርባታል» ብሎ ተከራከረ፤ የመጀመሪያውም ፍርድ ቤት ተቀበለው። ባልየው ከምንም ተነሥቶ አልተናገረም። በኹልዕ ሴቲቱ መህሯን መልሳ መውጣቷ በፊቅህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ባል በልቡ ይዞት ለሚስቱ ወገን ሳያስታውቅ የቀረ ሐሳብ የውሉ አካል ሊሆን አይችልም ብሎ ውሳኔውን ሻረ፤ ገንዘቡ ተገባት።

በ2001 ካሊፎርኒያ ውስጥ የቀረበው የተገላቢጦሽ ነው። በግብፅ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲለያዩ ሐኪም የነበረው ባል፣ ጋብቻው በእስልምና ሕግ መሠረት መፈጸሙን የምትገልጽ አንዲት ገጽ ወረቀት አቅርቦ፣ በትዳሩ ዘመን ያፈራሁት ሀብት ለእኔ ብቻ ነው አለ። ዳኞቹ፣ ስለ ንብረት አንዳች ዝርዝር የሌለበት ወረቀት ይህን ያህል ሊሸከም አይችልም አሉት። ሀብቱም በግዛቲቱ ሕግ ተከፈለ። ፊቅሃችን የባልንና የሚስትን ንብረት ለየብቻ የሚያይ መሆኑን እናውቃለን፤ ካሊፎርኒያ ግን ያንን ከአንድ ሐረግ አታነብም። «እንደ ሸሪዓው» የሚለው ቃላችን እዚያ ሲደርስ ይህን ያህል ብቻ ይመዝናል።

ደግሞ በ2010 የዋሽንግተን ግዛት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ 20,000 ዶላር የተጻፈበትን የአፍጋናውያን መህር ውድቅ አደረገ። ሙሽራው አሜሪካ ያደገ፣ ፋርሲ የማያነብ ልጅ ነው። ስለ መህሩ የነገሩት ሊፈርም ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ አጎቱ ያስረዱትም ከፈረመ በኋላ ነበር። ሳይገባው የፈረመው አላስተሳሰረውም። አማርኛ ማንበብ የማይችሉ የስንት ወንድሞቻችን ልጆች በዚያ አገር እንዳሉ አንባቢ ያስብ።

የእኛ ሙሽራ በሚኖርባት በሜሪላንድ የመጣው በጠላቅ ነው። ሚስቱ ክስ ካቀረበች በኋላ ባልየው ዋሽንግተን ወዳለው የፓኪስታን ኤምባሲ ሄዶ ጠላቅ ጽፎ ፈረመ፤ ጉዳዩ አልቋል፣ ከጡረታዬም አይደርሳትም አለ። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 አልተቀበለውም።

ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሲሸኝ ግን የሚያሰጋው የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። በ2008 ሞሮኮ ውስጥ በ17 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ባሏን ተከትላ ኒው ጀርሲ ገባች። በጥቂት ወራት ውስጥ ድብደባው ጀመረ፤ ያለ ፈቃዷም ያስገድዳት ነበር። አጠገቧ እንዳይደርስ የሚያግድ ትእዛዝ ስትጠይቅ የመጀመሪያው ዳኛ ድርጊቱ መፈጸሙን አመነ። ሆኖም ባልየው ሃይማኖቴ ይፈቅድልኛል ብሎ ስላመነ የወንጀል ሐሳብ አልነበረውም በማለት ትእዛዙን ከለከላት። በ2010 ሐምሌ ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ሻረው። በሁሉም ላይ የሚሠራን የወንጀል ሕግ ማንም በእምነቱ ሰበብ ሊያመልጠው አይችልም ብሎ ትእዛዙ እንዲሰጣት አዘዘ።

እኛን ያሳመመን የመጀመሪያው ዳኛ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስንብት ኹጥባቸው ስለ ሴቶች ምን አደራ እንዳሉ የሚያውቅ ሰው፣ ዳኛው ከባልየው አፍ ተቀብሎ «እስልምና» ያለውን አያውቀውም። ያ ውሳኔ ተሽሮም እንኳ ሸሪዓን ለሚያስፈራሩበት ሰዎች መሣሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የኦክላሆማ ግዛት ሕዝብ ፍርድ ቤቶቹ ሸሪዓን እንዳይጠቅሱ በ70 ከመቶ ድምፅ ወሰነ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2013 እስኪያፈርሰው ድረስ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ግን እኛስ ንጹሕ ነን? የተደበደበች ልጅ ስልክ ደውላ ስታለቅስ «ባልሽ ነው፣ ቻይው» የምንል ስንት ነን? ያች የ17 ዓመት ልጅ የደረሰላት ዳኛ መሆኑ፣ ዘመድ አለመሆኑ፣ ያሳፍረናል።

ይህን ሁሉ ይዘን ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ዘንድ ገባን። መህር ከኒካህም በኋላ ባልና ሚስት ተስማምተው ሊቆርጡት እንደሚችሉ፣ ወረቀቱ ሁለቱም በሚያነቡት ቋንቋ ቢጻፍ፣ አሁን የሚሰጠው ስንት፣ የሚቆየው ስንትና እስከ መቼ፣ ፍቺውን የምትጠይቀው እሷ ብትሆንስ የሚለው ሁሉ ቢገባበት፣ ከዚያም ሜሪላንድ ያለ ጠበቃ ቢያየው እንደሚበጅ ነገርናቸው። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደህና ነበር፤ ልጁን በምን አፌ ልጠይቀው?»

ልጅቷ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰምታን ኖሯል። «እኔ እጠይቀዋለሁ፣ አባባ» አለች። ያንኑ ማታ ደወለችለት። ልጁ መጀመሪያ የጠየቃት «በብር ነው ወይስ በዶላር?» ብሎ ነው አሉን። እስካሁን አልተስማሙም፤ ግን እየተነጋገሩ ነው።