ያሰብነው ነገ ባይመጣስ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህ ብሂል ስለ መቀነት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ታላላቅ መንግሥታትና ፋብሪካዎች የሚደክሙበትን የፈጠራ ሥራም ይመለከታል። የሰው ልጅ አዲስ ነገር የሚሠራው ለዛሬ ኑሮው ብቻ ሳይሆን ነገ ይመጣል ብሎ ለሚጠብቀው ዘመን ጭምር ነው። ስለ ነገ ያለው ግምት የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ የእጁ ሥራም ያንኑ ስሕተት ተሸክሞ ይወለዳል። ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑንን የሁለት አይሮፕላኖች ታሪክ እናወሳለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሰዎች ስለ ምን ፍጥነትን እንዳመለኩ መረዳት ያሻል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ ባለ ፕሮፔለሩ ሲ 47 በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በ1963 ግን ይኸው አየር መንገድ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል በሚጓዙት የቦይንግ 720 ጄቶች መንገደኞችን ያመላልስ ጀመር። በ17 ዓመት ውስጥ ፍጥነት ሦስት እጥፍ አደገ ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው «ከሌላ 17 ዓመት በኋላስ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል? ትናንት የሄደበትን መንገድ ቀጥ አድርጎ ወደ ነገ ዘረጋው።

የዓለም ኃያላንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1962 ተዋውለው ከድምፅ እጥፍ የሚፈጥነውን ኮንኮርድን መሥራት ያዙ፤ ሶቪየት ኅብረት በቱፖሌቭ 144 ተሽቀዳደመች፤ አሜሪካም የራሷን ጀመረች። በዚያው ጊዜ የቦይንግ ኩባንያ 747 የተባለውን ግዙፍ አይሮፕላን ይነድፍ ነበር። ነገር ግን ብዙዎች «መንገደኛው ሁሉ በቅርቡ ወደ ፈጣኖቹ ይዞራል» ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ በጆ ሳተር የሚመሩት መሐንዲሶች አንድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ መንገደኛው ሲሸሽ ይህ አይሮፕላን ምን ይሠራል? መልሳቸው ጭነት ይጭናል የሚል ሆነ። ስለዚህ የአይሮፕላኑን ወርድ ሁለት የጭነት ኮንቴይነሮች ጎን ለጎን እንዲይዝ አድርገው አሰፉት። አፍንጫው ወደ ላይ ተከፍቶ ጭነት እንዲያስገባም የአብራሪዎቹን ክፍል ከፍ አድርገው ሠሩት። በ747 ግንባር ላይ የሚታየው ጉብታ እንግዲህ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ሳይመጣ ለቀረ ዘመን የተደረገ ዝግጅት ምልክት ነው።

ሁለቱም በ1969 በሦስት ሳምንት ልዩነት ለመጀመሪያ ጊዜ በረሩ። የቀረውን ጊዜ ፈረደው። ከድምፅ የሚቀድም አይሮፕላን ሲያልፍ የሚያሰማው ጉምጉምታ መስኮት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ በተዋጊ ጄቶች ምድብ አጠገብ የኖረ ቤተሰብ ያውቀዋል። አሜሪካ በ1971 የራሷን ዕቅድ ሰርዛ፣ በ1973 ሲቪል አይሮፕላኖች በምድሯ ላይ ከድምፅ ፈጥነው እንዳይበሩ ከለከለች። በዚያው ዓመት ማብቂያ የነዳጅ ዋጋ ናረ። ኮንኮርድ ከለንደን ኒውዮርክ በሦስት ሰዓት ተኩል ያደርስ ነበር፤ የሚይዘው ግን 100 ሰው ያህል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ መንገደኛ የሚያቃጥለው ነዳጅ ከሌሎቹ እጅግ የበዛ ነበር። በጠቅላላው 20 ብቻ ተሠርተው፣ በ2003 አገልግሎታቸው አበቃ። ለጊዜው ብቻ የታሰበው 747 ግን ለኮንቴይነር የሰፋው ሆዱ ለብዙ መቶ መንገደኞች በጀ፤ ወጪው ለብዙ ሰው ስለ ተካፈለም ሩቅ አገር መሄድ ለብዙዎች ቀለለ። እስከ 2023 ድረስ 1,574 ተሠሩ፤ የመጨረሻውም የጭነት አይሮፕላን ነበር።

የፈጠራ ሥራ በዚህ አልቆመም፤ አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ። በ1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲሱን ቦይንግ 767 ሲረከብ፣ አይሮፕላኑ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ማቋረጥ ተጉዞ አዲስ አበባ አረፈ። ፍጥነቱ ከቀደሙት ጄቶች እምብዛም አልበለጠም፤ ጉዞውን ያሳጠረው መንገድ ላይ አለመቆሙ ነው።

እኛ ፍጥነትን አንነቅፍም። ቁስለኛ ለሚጠብቅ ሰው የሄሊኮፕተር ፍጥነት ሕይወት ነው። ዳሩ ግን በኮንቮይ የተጓዘ ወታደር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጉዞው ተፈጸመ የሚባለው የኋለኛው መኪና ሲደርስ እንጂ የፊተኛው ሲቀድም አይደለም።

ይህ ነገር ቤታችንንም ይነካል። ባል ግዳጅ ላይ ሳለ ሚስት ብቻዋን የምትወስነው ብዙ ነው፤ ጥቂቷ ጥሪት በምን ላይ ትዋል? ልጃችን ምን ሙያ ይማር? «የነገው ዘመን ይህ ነው፤ ቶሎ ካልገባችሁ ትቀደማላችሁ» የሚል ሰው በየደጁ አይጠፋም። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ቢሆንም ገንዘቡ ከመሶብ ሥር ሳይወጣ በፊት፣ ባልና ሚስት በደብዳቤም ሆነ በስልክ ተመካክረው የእነዚያን መሐንዲሶች ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ያሰብነው ነገ ባይመጣስ፣ ይህ ነገር ለምን ይጠቅመናል?» መልስ ያለው ነገር ይገዛል፤ መልስ ያለው ሙያም ይማሩታል። መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን ሻጩ የቱንም ያህል ቢያጣድፍ፣ አንድ ወር ቢቆይ የሚቀርብን ነገር የለም።