የመመረቂያ ፕሮጀክት በአንድ ፋይል ይሰጥ

የመመረቂያ ፕሮጀክቶቻችን ዲፌንስ ላይ ከተጨበጨበላቸው በኋላ ለምንድን ነው ሥራ ላይ የማይውሉት? በእኔ እምነት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኮዱ ሳይሆን የአሰጣጣችን ነው። ፓይተንም ላይብረሪውም በተሟላበት ላፕቶፕ ላይ እንሠራና ለመሥሪያ ቤቱ ፎልደሩን በፍላሽ ሰጥተን "የቀረውን በፒፕ አውርዱ" እንላለን። ይሄ እንግዳን ጤፍ አሸክሞ "ወፍጮ ቤቱን ራስህ ፈልግ" እንደማለት ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ባለ ቀበሌ ማን ነው ፒፕ የሚያውቀው? ኢንተርኔቱም ቢሆን አይታመንም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንረሳውም።

ፓይኢንስቶለር የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ኮዱን፣ ላይብረሪዎቹንና ራሱን የፓይተን ኢንተርፕሬተር ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርጋቸዋል። ተቀባዩ ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ብቻ ነው። ፓይተን ከ2.6 (2008 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዚፕ ፋይልን እንደ ፕሮግራም ማስኬድ መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፓይተን ቀድሞ መጫን ስላለበት ለእኛ ጉዳይ አይበጅም።

"ፋይሉ ይከብዳል" የሚሉ ጓደኞች አሉ። ይከብዳል፤ ፍላሽ ለያዘ ሰው ግን ምን ችግር አለው? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ይዘቱን ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ያንን ፎልደር ያጠፋዋል። እንግዲህ ዳታቤዙን ከኮዱ ጎን ያስቀመጠ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው አስቡት! ጸሐፊዋ ቀኑን ሙሉ ስትመዘግብ ውላ ፕሮግራሙን ስትዘጋ የመዘገበችው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዳታው ከጥቅሉ ውጪ፣ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ሌላው የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ለዊንዶውስ የሚሆነው እዚያው ዊንዶውስ ላይ ነው የሚጠቀለለው፤ ሊኑክስ ላይ የተጠቀለለው አይሠራም። ዊንዶውስ 7 የሚሸከመው ደግሞ እስከ ፓይተን 3.8 ድረስ ብቻ ነው (በየቢሮው ስንት ዊንዶውስ 7 እንዳለ መቼም እናውቃለን)። አንዳንድ አንቲቫይረስም ጥቅሉን ያለ ጥፋቱ ቫይረስ ነው ብሎ ያግደዋል፤ ይህን ለተቀባዩ አስቀድሞ መንገር ነው።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ዲፌንስ በተማሪው ላፕቶፕ መሆኑ ይቅር። ፓይተን ያልተጫነበት አንድ አሮጌ ማሽን ከላብ ይቅረብ፣ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል፣ ተማሪው ፍላሹን ሰክቶ ይክፈት፤ መዝግቦ ይዝጋ፣ ደግሞ ይክፈት። ውጤት የሚሰጠው ያኔ ይሁን።