እጄን ለማን አወጣሁ?



ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ የልጅ ልጄ ወደምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄድኩ። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ባጭሩ ወተመህ የምንለው ኮሚቴ፣ የወላጅ ተወካዮቹን የሚመርጥበት ቀን ነበር። እናትና አባቷ ቅዳሜም ሥራ ስለሚገቡ ስብሰባ የእኔ ድርሻ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘሁት ሹመት ይኸው ነው።

እውነቱን ልናገር። ልጅቷን ወደዚህ ትምህርት ቤት ያመጣናት ወደን አይደለም። እስከ 2ኛ ክፍል የተማረችው በግል ትምህርት ቤት ነበር። ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር ልጄና ባለቤቱ የቤት ኪራዩን፣ የአስቤዛውን፣ የትራንስፖርቱን ደምረው ቢቀንሱ አልወጣ አላቸው። ባለፈው መስከረም ስናዛውራት ጎረቤት እንዳይሰማብን ያህል በሹክሹክታ ነበር። እኔ ራሴ ከ1ኛ ክፍል እስከ ነርሲንግ ዲፕሎማዬ ድረስ መንግሥት ያስተማረኝ ሰው ሆኜ አፈርኩ። ዛሬ የማፍረው በዚያ ማፈሬ ነው።

ወር ሳይሞላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጠዋት ውሃ ሞልቼ የማስይዛት ኮዳ ማታ እንደሞላ ይመለሳል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠየቅኳት።

«ከጠጣሁ ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ እኮ፣ እማዬ። የሴቶቹ በር አይዘጋም» አለችኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠራሁ ሰው ይህን ሰምቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጣና ሽንቱን የሚይዝ ልጅ ሆዱ ይደርቃል፣ ራሱን ያመዋል፣ በተለይ ሴት ልጅ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ትጋለጣለች። የወር አበባ ማየት የጀመሩት ታላላቆቿማ በዚያ ሰሞን ቤት ቢቀሩ ምን ይገርማል? እንግዲህ ወደ ስብሰባው የሄድኩት ይህን በሆዴ ይዤ ነው።

በአዳራሹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ርዕሰ መምህሯ ሥርዓቱን አስረዱ። ለሰብሳቢነት የታጩት ሁለት አባቶች አጠር አጠር አድርገው ሐሳባቸውን እንዲናገሩ ተደረገ።

የመጀመሪያው በአካባቢያችን የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ በዚህ አላማቸውም። «ብትመርጡኝ ለትምህርት ቤታችን አዲስ የብረት በር አሠራለሁ፣ አጥሩንም ቀለም አስቀባለሁ» አሉ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው።

ሁለተኛው ጋራዥ የሚሠራ ወጣት አባት ነው። እጁ ላይ ያለው ግራሶ በሳሙና የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ከኪሱ አወጣና ቀና ሳይል ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ብዙ ሰው እርስ በርሱ ያወራ ነበር።

«በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተን ደንግጠናል። እኔ ግን የሚመስለኝ እነዚህ ልጆች የወደቁት 12ኛ ክፍል አይደለም። የወደቁት 3ኛ ክፍል ነው፣ ማንበብ ሳይችሉ 4ኛ ያለፉ ቀን።»

አዳራሹ ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነጥብ በነጥብ ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ሰፈር ይጠቅማልና።

አንደኛ፣ በየሩብ ዓመቱ እያንዳንዱ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጅ ለወላጁ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ አለ። ሰርተፊኬት ላይ ያለው ቁጥር ሊያታልለን ይችላል፣ የልጃችን አፍ ግን አያታልለንም።

ሁለተኛ፣ የልጁ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ከ60 አልፈዋል፤ ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት ግን በአንድ ክፍል 50 ነው። «ኮሚቴው ክፍል መገንባት አይችልም፣ መምህርም አይቀጥርም። ግን ቆጥሮ፣ በቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ማህተም አስደርጎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጻፍ ይችላል» አለ። ብዙ ዕጩ የማይችለውን ቃል ሲገባ የሰማሁ ሰው ነኝና፣ የማይችለውን ነግሮ የጀመረ ሳይ ደስ አለኝ።

ሦስተኛ፣ ከወላጅ የሚሰበሰብ መዋጮ ሁሉ ደረሰኝ ይኑረው፣ የገባውና የወጣው በየወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አራተኛ፣ በከተማችን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ይበላሉ። ትልቅ ነገር ነው፤ ባዶ ሆድ ፊደል አይቆጥርም። እሱ የጠየቀው ወላጆች በተራ እየሄዱ ምግቡን እንዲቀምሱና ልጆቹ ሳይታጠቡ እንዳይበሉ የእጅ መታጠቢያ ውሃውን እንዲያዩ ነው። እግረ መንገዱን «የሴቶቹ ሽንት ቤት መቀርቀሪያ የለውም» ሲል ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ።

እስከዚህ ድረስ እጄ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። አምስተኛው ላይ ግን ወደቀ።

«አምስተኛ፣ ሥነ ሥርዓት። ልጆች አስቸግረዋል። መምህራን እጃቸው ታስሯል። እኛን ዱላ ነው ሰው ያደረገን፤ ለመምህራን ዱላቸው ይመለስላቸው።»

ከሁሉም የበለጠ የተጨበጨበለት ይህ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ተባረክ! ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል!» አሉ።

እጄን አወጣሁ፤ ለምርጫ ሳይሆን ለጥያቄ።

«ልጄ» አልኩት፣ «አራቱን ነጥቦችህን ወድጃቸዋለሁ። በአምስተኛው ላይ ግን እንድናገር ፍቀድልኝ። እኔ ነርስ ነበርኩ።»

«ይናገሩ እማማ» አለኝ።

የነገርኳቸውን ለእናንተም ልድገመው። ጤና ጣቢያ ስሠራ አንድ ቀን አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ጆሮው ደምቷል። በጥፊ ተመትቶ ነው። ሰው ጥፊን ቀላል ቅጣት ያደርገዋል። ክፍት መዳፍ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ግን አየሩ ወደ ውስጥ ይገፋና የጆሮውን ታምቡር ሊቀድ ይችላል። የዚያ ልጅ ተቀድዶ ነበር። ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ሳይድን ቀርቶ ለዓመታት የሚመግልበትም አለ።

ሁለተኛው ልጅ ግን ከሁሉም አይረሳኝም። የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለቁስል ነበር የመጣው፤ እግሩ በአርጩሜ ተልጥልጧል። ምን አጥፍተህ ነው ብለው «ከሰሌዳ አትገለብጥም ተብዬ» አለ። ቁስሉን ጠርጌ ስጨርስ ግድግዳው ላይ ያለውን የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። ከትልቁ ፊደል በታች አንድም መስመር አላነበበም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ሰሌዳው አይታየውም። በየቀኑ ይመታ የነበረው ባላየው ነገር ነው።

ሕጻን ሳለሁ አባቴ እጄን ይዘው ለአስተማሪ ሲያስረክቡኝ «ዓይኗን ብቻ ተዉልኝ እንጂ ቅጧት» ማለታቸው ትዝ ይለኛል። የዘመኑ ልማድ ነው፤ አባቴን አልወቅስም። ያንን ልጅ ባየሁ ቀን ግን ያ ንግግር በጆሮዬ ጮኸብኝ። ዓይኑን ማንም አልነካውም። ችግሩ ማንም አለማየቱ ነው።

ደግሞም ጉዳዩ የእኔና የዕጩው ምርጫ ብቻ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው መብት ሰጥቷቸዋል። ኮሚቴ ሕግን በእጅ ብልጫ አይሽርም። ይህንንም ተናገርኩ።

ጋራዥ ሠሪው ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን ተመለከተ። ከዚያ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እማማ፣ ‹ሐሳቤን ቀየርኩ› ብዬ አልዋሽዎትም። ልጅ ሲበላሽ እፈራለሁ፣ እኔም አባት ነኝ። ግን ይህን ነጥብ ለዛሬ እሰርዘዋለሁ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ያስመርምሩልን፤ ከዚያ ስለ ሥነ ሥርዓቱ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰረዘው። አዛውንቱ አጉረመረሙ። እኔም ሙሉ በሙሉ እንዳልረታሁት አውቄያለሁ። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ ስልኩ፣ የሰፈሩ ሱስ፣ የሁላችንም ሥራ ላይ መዋል ልጆቻችንን እየጎዳቸው ነው። እኔ የምለው ልጅ አይገሠጽ ሳይሆን ከመገሠጹ በፊት ምን እንደሆነ ይጠየቅ ነው። ትኩሳት ያለበትን በሽተኛ ከየት እንደመጣ ሳንመረምር መርፌ አንወጋም።

ሰብሳቢ ይሁን የምትሉ ሲባል እጄን ለእሱ አወጣሁ። በሁሉም ስለተስማማን አይደለም። የሚችለውንና የማይችለውን ስለለየ፣ ሲጠይቁት ስለሰማ፣ ያልተለወጠውንም ሐሳቡን ስላልደበቀኝ ነው።

አልተመረጠም። ነጋዴው በብዙ እጅ ሰብሳቢ ሆኑ፣ እሱ አባል ሆኖ ገባ። ይሁን። ስብሰባው ሲበተን ነጋዴውን በር ላይ ጠብቄ «አዲሱ በር መልካም ነው፣ ግን በፊቱ የሚያስፈልገን ሌላ በር አለ» አልኳቸውና የኮዳውን ነገር ነገርኳቸው። የሦስት ሴት ልጆች አባት መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅኩት። ሰኞ ዕለት መቀርቀሪያ ገዝተው ላኩ፤ የጋራዡ ልጅ ማታ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ገጠመው።

ወላጆች፣ አያቶች፣ የእናንተም ትምህርት ቤት ኮሚቴ ሲመርጥ እባካችሁ «ሥራ አለብኝ» ብላችሁ አትቅሩ። ዕጩውን ይህን ጠይቁት፦ የ3ኛ ክፍል ልጆች ማንበባቸውን እንዴት ታውቃለህ? የሴቶቹን ሽንት ቤት ገብተህ አይተሃል? የመዋጮው ሂሳብ የት ይለጠፋል? ልጅ ሲያጠፋ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? መልሱን ስትሰሙ እጃችሁን ለማን እንደምታወጡ አይጠፋችሁም።

ለዛሬ ማታ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ልጁን በረንዳ ላይ አቁሙትና አንዱን ዓይኑን በእጁ መዳፍ ሳይጫነው ይሸፍን። ማዶ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ ያንብብላችሁ። ከዚያ ሌላኛውን ዓይን። ያልቆጠረ ሕጻን ከሆነ ሥዕሉን ይንገራችሁ። እናንተ የምታዩትን እሱ ካላየ፣ ቴሌቪዥን ሥር የሚሄድ ከሆነ፣ ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ወይም ማታ ማታ ራሴን የሚል ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህ ምርመራውን አይተካም፤ ለምርመራ ያነሳሳችኋል እንጂ። ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ፣ ጆሮው የሚመግል ልጅም እንዲሁ ይታይ።

እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ርዕሰ መምህሯ ባዘጋጁልኝ ክፍል ውስጥ 6 ሜትር በሜትር ለክቼ፣ ሰንጠረዤን ሰቅዬ የ3ኛ ክፍል ልጆችን ማየት እጀምራለሁ። ጡረታ የወጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ በየሰፈራችሁ እንዲህ ብታደርጉ ከቡና ሰዓታችን የሚወስድብን ጥቂት ነው።

ትናንት ማታ የልጅ ልጄን ቦርሳ ስፈታ ኮዳውን አነሳሁት። ቀሏል። ከግማሽ በታች ነው የቀረው።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።