አራሷ ድመት ጾም የላትም

ድመት ስትወልድ ዜናውን ቀድሞ የሚያበስረው የቤቱ ሕፃን ነው። ከቁም ሣጥን ሥር ወይም ከዕቃ ቤት ጥግ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። አያት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ይሥቃሉ፤ ልጆች ስም ለማውጣት ይሻማሉ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን በትንንሾቹ ላይ ያርፍና እናቲቱ ትረሳለች።

እኔ የሰው ነርስ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ማጥባት የእናትን አካል ምን ያህል እንደሚያሟጥጥ ግን በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። አራትና አምስት ልጆች በአንድ ጊዜ የምታጠባ ትንሽ እንስሳ የሚደርስባትን ገምቱት። ልጆቿ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሞላቸው የምግብ ፍላጎቷ ከወትሮው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ያን ጊዜ የምትሰጧት የተረፈ እንጀራና ሽሮ ብቻ ከሆነ ወተቱ የሚሠራው ከገዛ ሥጋዋ ነው።

ምን ትብላ?

ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችል ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፤ ከእህልና ከጥራጥሬ አታገኘውም። ሲጎድላት ዓይኗንና ልቧን ይጎዳል።

ብዙዎቻችን ከሥጋ ቤት ለድመት የምንገዛው ሳንባ ነው። ባይከፋም ብቻውን አይበቃትም። ልብና ቀይ ሥጋ ጨምሩበት። ጉበት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በትንሹ ይበቃል፤ ሲበዛ ይጎዳታል። ሁሉንም ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀቅሉላት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርሱ የወጥ ትራፊ ለእሷ ምግብ አይደለም። ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፤ አብራችሁ ስጧት። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ ይቅርባት።

ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ያንሰዋል። ስለዚህ አቅሙ ያላችሁ ለትንንሽ ድመቶች ተብሎ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ ብትቀላቅሉላት ጥሩ ነው፤ ለምታጠባ እናትም የሚመከረው እሱ ነው። በቀን አራት ጊዜ ያህል ከፋፍላችሁ ስጧት፤ ንጹሕ ውኃም ከአጠገቧ አይጥፋ።

ወተትስ? ብዙ አዋቂ ድመቶች የላም ወተት አይስማማቸውም፤ ያስቀምጣቸዋል። የምታጠባ ድመት ተቅማጥ ከያዛት ደግሞ ለልጆቿ ወተት የሚሆነውን ውኃ ታጣለች። ወተት የሚበዛላት ውኃና ሥጋ ስታገኝ ነው።

ጾም ሲገባ

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ድመት ልጆቿን ጡት እስክታስጥል ድረስ ስምንት ሳምንት፣ ማለትም 56 ቀን ያህል ይወስድባታል። በጾሙ መባቻ የወለደች ድመት እንግዲህ ከሞላ ጎደል የማጥቢያ ጊዜዋን ሁሉ የምታሳልፈው የፍስክ ምግብ በማይገባበት ቤት ውስጥ ነው። ሥጋ ቤቱም ይዘጋል። «አይጥ ይዛ ትብላ» እንዳንል፣ አራስ ልጆቿን ትታ ሩቅ አትሄድም፤ በየጎረቤቱ የሚረጨው የአይጥ መርዝም አለ።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይላል ተረታችን። ለሰው ስንናገረው ነቀፌታ ነው፤ ለድመቷ ግን ሥጋ መብላት ተፈጥሮዋ እንጂ አመሏ አይደለም። ጾሙ የእኛ ነው፤ የእሷ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ድመት የምታረግዘው ዘጠኝ ሳምንት ያህል ስለሆነ ሆዷ ገፍቶ ስታዩ ቀኑን አስሉት። በቅበላ ሥጋ ስትገዙ ለእሷም ጨምሩ፤ ቀቅላችሁ፣ በትንንሹ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስቀምጡ። መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከሟሟና ሽታው ከተለወጠ ይጣል። የእሷን ድስትና ሳህን ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ የጾመኛው ዕቃ አይነካም። ደረቁን ምግብ ለሚመርጥ ደግሞ የሚቀቀልም የሚነካካም ነገር የለም።

አደጋ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የእንግዴ ልጁን ብትበላ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምግብ ብታሳንስ፣ ለሁለትና ሦስት ሳምንትም ጥቂት ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ቢታያት ችግር የለውም። የሚከተሉት ግን ለነገ አይባሉም።

ፈሳሹ ከሸተተ ወይም መግል ከመሰለ ማህፀኗ ተመርዟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጡቷ ቀልቶ፣ ጠጥሮና ግሎ ሲነካ ካመማት፣ ልጆቿን ስትገፋቸውም ካያችሁ ጡቷ ተመርዟል። ልጆቿን በሕፃንነታቸው ወስዶ መጣልም ጡቷን ወጥሮ ለዚሁ ይዳርጋታል፤ ጭካኔነቱ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ካልሲየም ከደሟ ሲወርድ የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ ልጆቿ ወተት አብዝተው በሚጠቡባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከሰታል። ትቁነጠነጣለች፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ እግሯ ይገተራል፤ ትንቀጠቀጣለች፤ መጨረሻ ላይም ያንፈራግጣታል። ይህን ስታዩ ልጆቿን ከጡቷ ለይታችሁ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት። ካልሲየም በደም ሥሯ ከተሰጣት ብዙ ጊዜ ቶሎ ትነቃለች፤ ከዘገየ ግን ትሞታለች።

ልጆቿም ይነግሯችኋል። የጠገበ ይተኛል፤ ሳያቋርጥ የሚያለቅስ አልጠገበም። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ መዝኗቸው፤ ሲወለዱ 100 ግራም ያህል ይሆናሉ፤ በየቀኑም ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባቸው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «አሞኛል» ስንል የምንውጠውን ፓራሲታሞል ለድመት እንዳትሰጡ። የድመት ጉበት ሊያስወግደው አይችልም፤ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክም አትስጧት።

የቤቱስ ሰው?

አራስ ድመት ልጆቿን ለመከላከል ትቧጭራለች፣ ትነክሳለችም። ለልጅ ልጆቻችሁ ከሩቅ ማየትን አስተምሯቸው። ሰላም ያጣች እናት ልጆቿን በአንገታቸው አንጠልጥላ ሌላ ቦታ ትወስዳለች። ጭር ባለ ጥግ፣ በካርቶን ውስጥ ንጹሕ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉላት፤ በተለይ በክረምት ብርድ ትንንሾቹን ቶሎ ይገድላቸዋል።

ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ያንሣ፤ በየቀኑም ይነሣ። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በሽታ በእሱ ሊተላለፍ፣ ፅንሱንም ሊጎዳ ይችላል። ድመቷን ግን ማባረር አያስፈልግም። በሽታው በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ ሰላጣም ይመጣልና ነፍሰ ጡሯ ክትፎውን አብስላ ትብላ።

አራት ሳምንት ሲሞላቸው ልጆቿ ከእናታቸው ሳህን መቅመስ ይጀምራሉ። ከስምንት ሳምንት በፊት ለጎረቤት አትስጧቸው። የሆድ ትል ከእናት ወተት ወደ ልጆቿ ስለሚያልፍ እሷም እነሱም መድኃኒት እንዲያገኙ ሐኪሙን ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁንም ስለ እብድ ውሻ ክትባትና ስለ ማምከን ተነጋገሩ። ድመት ገና እያጠባች እንደገና ልታረግዝ ትችላለችና እስከዚያው ከቤት አታውጧት።

ከመሶባችሁ ጥቂት፣ ከጊዜያችሁም ጥቂት ነው የምትፈልገው። የቤታችሁ ሕፃናትም አራስ እንዴት እንደሚታረስ ከእናንተ እያዩ ይማራሉ።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።