የሚንጠባጠበው የዉዱእ ቧንቧ የማን ነው?



ትክል ድንጋይም ሆነ ጎንደር፣ እናቶቻችን ጀሪካን ይዘው ውሃ ሲጠብቁ እናያለን። መስጂድ ስንገባ ግን የዉዱእ ቧንቧ ሲንጠባጠብ እያየን «ኮሚቴው ያሠራዋል» ብለን እናልፋለን።

በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 20 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ሙሉ ጀሪካን! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ሊትር በማይሞላ ውሃ፣ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የሚፈሰው እንግዲህ ከ20 ሰው በላይ ዉዱእ የሚያደርግበት ነው።

ብዙ ጊዜ ያረጀው ጎሚኒው ብቻ ነው። ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ፣ የቧንቧውን አናት ፈትቶ በልኩ አዲስ መቀየር ነው። ክሩ ከተበላ ቧንቧው ራሱ ይቀየር።

ኮሚቴውን አስፈቅደን ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ እንሥራው። ኢስራፍን ማስቆም ያየው ሰው ሁሉ አማና ነው።